ጠጉረ ረዥም ውሻ በአበባ ወራት

የመጽሔታችን አዘጋጆች «እያንዳንዱ ተማሪ በገዛ እጁ ሠርቶ ያወቀውን ነገር ይጻፍ» የሚል ማስታወቂያ በለጠፉ ጊዜ፣ ጓደኞቼ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ንብ ማነብና ስለ ፎቶግራፍ ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ ግን በእጄ ሠርቼ አወቅሁት የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የውሻ ጠጉር ማበጠር ነው። ይህን በተናገርሁ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መሳቃቸውንም አልቃወምም፤ በአገራችን ውሻ ቤት ይጠብቃል እንጂ ጠጉሩ ይበጠርለታል ተብሎ አይታሰብም፤ አብዛኞቹም ውሾቻችን ጠጉራቸው አጭር ስለ ሆነ ማበጠሪያ አያስፈልጋቸውም። ዳሩ ግን ጠጉረ ረዥም ውሻ ያለው ሰው፣ ይልቁንም በቤቱ ውስጥ የሚያስነጥስ ልጅ ያለበት እንደ ሆነ፣ ይህን ጽሑፍ ቢያነብ የሚጠቀም ይመስለኛል። እኛ ይህን ባለማወቃችን ውሻችንን ልናጣው ነበርና።

ውሻችን ጎፈሬ ይባላል። ወደ ቤታችን የመጣው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ትተውልን ነው። ዘሩ ከየት እንደ ሆነ እርሳቸውም አያውቁም ነበር። ጠጉሩ ግን በጀርባው ላይ ግማሽ ስንዝር ያህል ነው፤ በጆሮውና በጭራው ላይ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል፤ ስለዚህም ታናሽ እኅቴ ገና እንዳየችው ይህን ስም አወጣችለት። ቤታችን በእንጦጦ ግርጌ ነው። በአጥሩ ዳር የፈረንጅ ጽድ፣ ከበስተኋላ ባሕር ዛፍ፣ በደጃፉ አንድ ትልቅ ጃካራንዳ አለ። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ባዶ መሬት ክረምት በገባ ቍጥር ሣር ይውጠዋል።

የመጀመሪያው ክረምት ደኅና አለፈ። ጎፈሬ ነጐድጓድ ስለሚፈራ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ሥር ተኝቶ ከረመ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ግን ነገር ተለወጠ፤ ቀኑን በሙሉ ከደረቱ በላይ በሆነ ሣር ውስጥ ሲፈነጥዝ ይውልና ማታ ወደ ቤት ይገባል። ወዲያው እኅቴ ማስነጠስ ጀመረች፤ ዓይኗ ቀላ፤ ሌሊትም ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። አክስቴ ሊጠይቁን መጥተው ይህን ባዩ ጊዜ «ይኸ የውሻው ጠጉር ነው፤ ልጅቱን ሳይገድላት አስወጡት» አሉ። አባቴም ነገሩን ሦስት ቀን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው፣ ጎፈሬን በቃሊቲ መጋዘን ለሚጠብቁ አንድ ሰው ለመስጠት ቈረጡ። ቀኑም ለቅዳሜ ተወሰነ። እኅቴ ይህን ሰምታ ከማስነጠሷ በላይ በለቅሶ ዓይኗ አበጠ።

ሐሙስ ዕለት እናቴ እርሷን ወደ ሐኪም ሲወስዷት እኔም አብሬ ሄድሁ። ሐኪሙ ደረቷን ካዳመጡ በኋላ ስለ ውሻው ጠየቁ።

«ወደ ቤታችሁ ከገባ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከሚያዝያ ወዲህ ነው፣ ዶክተር» አሉ እናቴ።

«ክረምቱን የት ከረመ?»

«ከሳሎን ወጥቶም አያውቅ።»

«በክረምት ታስነጥስ ነበር?»

እናቴ ጥቂት ዝም ብለው «ኧረ የለም» አሉ።

ሐኪሙም የውሻ ፎረፎርና ምራቅ የማይስማማው ሰው በእርግጥ አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን ውሻው ከቤት ባለበት ወራት ሁሉ ይቸገራል፤ ይህች ልጅ የታመመችው ሣሩ ባበበ ጊዜ ነውና ውሻው በሽታውን የሚፈጥር ሳይሆን የሚሸከም ሊሆን ይችላል ብለው አስረዱን። መድኃኒት ጻፉላትና «አንድ ወር ውሻውን አጽድታችሁ ሞክሩ፤ መኝታ ቤቷም አይግባ፤ ካልተሻላት ያን ጊዜ ታስወጡታላችሁ» አሉ። አባቴ በዚህ ተስማሙ። ለጎፈሬ የአንድ ወር ቀጠሮ ተሰጠው፤ ማጽዳቱም በእኔ ላይ ወደቀ።

እንግዲህ ውሻው የሚሸከመው ምንድር ነው? የሥነ ሕይወት መምህራችን ፖለን የሚሉት፣ እኛም የአበባ ዱቄት የምንለው ነው። ተባዕቱ የአበባ ክፍል የሚያዘጋጀው ደቃቅ ዱቄት ሲሆን ወደ እንስቲቱ ክፍል ሲደርስ ፍሬ ይያዛል። የሣር ዱቄት አንዱ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ማይክሮን ስፋት አለው፤ በአንድ ሚሊሜትር ላይ ከ25 እስከ 40 ቅንጣት ጎን ለጎን ይሰለፋል ማለት ነው። ይህን የሚያመላልሱት በአንዳንዱ ተክል ላይ ንቦችና ሌሎች ነፍሳት፣ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ነፋስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አክስቴ ውሻውን መክሰሳቸውን ሲተዉ ወዲያው ዐደይ አበባን መክሰስ ጀመሩ፤ ቢጫ ስለ ሆነችና በሜዳው ላይ ጐልታ ስለምትታይ ነው። ነገር ግን አበባ የሚያጌጠው ነፍሳትን ለመጥራት ነው፤ በነፍሳት የሚጓጓዘውም ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ ስለ ሆነ በአየር ላይ ብዙ አይንሳፈፍም። በነፋስ የሚታመን ተክል ግን ጌጥ አያስፈልገውም፤ ቀላልና ደረቅ ዱቄት በብዛት አዘጋጅቶ ይበትናል። ሣር እንዲህ ያለ ነው፤ የጽድ ወገንም እንዲሁ። ስለዚህ የሚያስነጥሰን አብዛኛውን ጊዜ አበባ መሆኑን እንኳ የማናውቀው አበባ ነው። አክስቴ ይህን ስነግራቸው «ዐደይ አበባን ለማዳን የፈለሰፍኸው ነው» አሉኝ።

ጠጉረ ረዥም ውሻ ለዚህ ዱቄት ወንፊት ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ውሾች ሁለት ዓይነት ጠጉር አላቸው፤ ከላይ ረዥምና ጠንከር ያለው፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰው። ላይኛው ቅጠሉንና ጭራሮውን ይይዛል፤ ከዚያ ያለፈውን ዱቄት ውስጠኛው ያስቀረዋል። አንድ ቀን ጎፈሬን ከሣሩ እንደ ተመለሰ በእናቴ ጥቍር ነጠላ ላይ አቁሜ በእጄ አራገፍሁት። በነጠላው ላይ የወረደውን ቢጫ ትቢያ አባቴን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ እርሳቸውም ጣታቸውን ነክረው ካዩ በኋላ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ነጠላውን ሳላስፈቅድ በመውሰዴ ከእናቴ ያገኘሁትን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ወደ ሥራው እገባለሁ፤ መጀመሪያ የሠራሁትንም ስሕተት አልደብቅም። በመጀመሪያው ቀን ጎፈሬን ሳላበጥር በውኃና በሳሙና አጠብሁት። ከጆሮው ኋላና ከብብቱ በታች ቀድሞ የተቋጠረው ጠጉር ውኃ ሲነካው እንደ ተረገጠ የበግ ጠጉር ተጣብቆ ጠነከረ፤ በውስጡም ጭራሮው ተቀብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ በመቀስ ከመቍረጥ በቀር መላ አልነበረውም፤ ሁለት ሳምንት ያህልም ውሻችን ብል የበላው ምንጣፍ መስሎ ሰነበተ። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፤ ጠጉሩ ደረቅ እንደ ሆነ ይበጠራል፣ ውኃ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚበጠረው ከቤት ውጭ ነው። በቤት ውስጥ ቢበጠር ዱቄቱ ከውሻው ወደ አየሩ ይሄዳል እንጂ ከቤት አይወጣም። እኔ በበረንዳው ደረጃ ላይ ጆንያ አነጥፋለሁ፤ ነፋሱን ከኋላዬ አደርገዋለሁ፤ የሚያስነጥሰው ሰው በአካባቢው አይቆምም። ማበጠሪያውን በተመለከተ ብዙ ደከምሁ። የሰው ማበጠሪያ ጥርሱ ቀጭን ስለ ሆነ ሁለቱ ተሰበሩብኝ። በመጨረሻ ያዋጣኝ ሚዶ ነው! ጥርሱ ረዥምና ዘርዘር ያለ ስለ ሆነ እስከ ውስጠኛው ጠጉር ይደርሳል፤ ጫፉም ስለተለሰነ ቆዳ አይቧጭርም። አያቶቻችን ለጎፈሬ የሠሩት ዕቃ ለጎፈሬ ማገልገሉ የሚያስደንቅ አይደለም። ሲበጠር ከሥሩ ጀምሮ መጎተት ውሻውን ያሳምመዋል፤ ከጫፉ ተጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ሥሩ ይኬዳል። በአንድ እጅ ጠጉሩን ከቆዳው አጠገብ ጨብጦ በሌላው ቢያበጥሩት ጉተታው ወደ ቆዳው አይደርስም። ከጀርባ ይልቅ የሚያስፈልገው ሥውሩ ቦታ ነው፤ ከጆሮ ኋላ፣ ከአንገት ማሰሪያው በታች፣ ከብብት፣ ከጭን መካከልና ከጭራው ሥር። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ ነክሮ አጥብቆ በመጭመቅ፣ በጠጉሩ አቅጣጫ ከራስ እስከ ጭራ ማበስ ነው። ጨርቁ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ እስኪጠራ ይደገማል። እግሮቹን አንድ በአንድ በማስታጠቢያ ውኃ እነክርና በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አደርቃለሁ። ይህ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ ይወስዳል። ገላውን በሙሉ ማጠብ ግን በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ቶሎ ቶሎ ቢታጠብ የቆዳው ወዝ ያልቃል። የውሻም ቆዳ ከሰው ቆዳ ያነሰ አሲድነት ስላለው ለእርሱ የተሠራ ሳሙና ይሻለዋል።

«ለምን አትላጨውም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጠጉሩ ከፀሐይም ከብርድም ይጠብቀዋል፤ የእንጦጦ ግርጌ ሌሊት ደግሞ ምን እንደሚመስል የሚኖርበት ያውቀዋል። እስከ ቆዳው የተላጨ ውስጠኛ ጠጉር እንደ ቀድሞው ሆኖ ላይበቅልም ይችላል። እኔ የማሳጥረው ከእግር ጣቶቹ መካከልና ከጭራው ሥር ያለውን ብቻ ነው፤ ያውም ጫፉ ባልሾለ መቀስ።

ዱቄቱ ሰውን ሲያስነጥስ፣ ከአበባው በኋላ የሚመጣው ዘር ደግሞ ራሱን ውሻውን ይጎዳል። ከጥቅምት ጀምሮ ሣሩ ሲደርቅ ጭጎጎትና የሰይጣን መርፌ በጎፈሬ ላይ ይሰፋሉ። የሰይጣን መርፌ የሚባለውን ጥቍር ዘር በማጉያ መነጽር ብታዩት በጫፉ ሁለት ወይም ሦስት ጦር አለው፤ በጦሩም ላይ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች አሉበት። መግባት ይችላል፤ መውጣት አይችልም። የተክሉ አሳብ ልጆቹን በእንስሳ ጀርባ አሳፍሮ ወደ ሌላ አገር መላክ ነው፤ ጎፈሬም ያለ ክፍያ ያመላልስለታል። በነገራችን ላይ፣ ሲላቀቅ ጫር የሚል ድምፅ የሚያሰማው የቦርሳችንና የጫማችን ማያያዣ፣ ቬልክሮ የሚባለው፣ የተገኘው ከዚሁ ነው። ጆርጅ ደ ሜስትራል የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በ1941 እ.ኤ.አ. ከውሻው ጋር ተንሸራሽሮ ሲመለስ በልብሱና በውሻው ጠጉር ላይ የተጣበቁትን የተክል ፍሬዎች በማይክሮስኮፕ መረመረ፤ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የታጠፈ መሆኑንም አየ። እኔም ለሦስት ዓመት ያህል ይህንኑ ስነቅል ኖሬ ምንም አልፈለሰፍሁም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን እንደ ጢም ያለ ሹል ጭራ ያለው የሣር ዘር ነው። ሲናርን ብንወስድ፣ ጭራው በመካከሉ ታጥፎ ታችኛው ክፍል እንደ ገመድ የተገመደ ነው። ይህን ማንም በክፍል ውስጥ ሊሞክረው ይችላል፤ ደረቅ የሲናር ዘር በሳሕን ላይ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ውኃ ብታፈሱበት ጭራው ሲዞር በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ሲደርቅም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በእርጥበትና በድርቀት እየተጠማዘዘ ዘሩን ወደ መሬት የሚቀብረው በዚህ ነው። በውሻ ጠጉር ውስጥ ሲገባም ሥራውን አይረሳም።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ አጎቴ ወዳሉበት ወደ ሱሉልታ ሄደን ስንመለስ ጎፈሬ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ጆሮውን ደጋግሞ ያራግፍ ጀመር። ወደ ውስጥ ብመለከት የዘሩ ጭራ ጫፉ ብቻ ታየኝ። እኔም ብልህ የሆንሁ መስሎኝ በጥጥ የተጠቀለለ እንጨት አስገባሁ፤ ጭራውም ከዓይኔ ተሰወረ። በማግስቱ ከጆሮው ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወጣ። አባቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሟ በማደንዘዣ አስተኝተው፣ በመብራት እያዩ በረዥም ወረንጦ አወጡት። የውሻ ጆሮ ቀዳዳ እንደ ሰው ቀጥ ያለ አለመሆኑን፣ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ከዚያ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። በእንጨት የሚገፋ ነገር በዚያ ማጠፊያ ላይ ይጠቀጠቃል፤ ብዙ ቢገፋም የጆሮውን ታምቡር ይበሳል። አባቴ ሒሳቡን ሲከፍሉ ወደ እኔ አልተመለከቱም፤ ባይቆጡኝም ቀኑን በሙሉ ከቁጣ የባሰ ሆነብኝ። ከዚህ ወዲህ እጄ የሚደርሰው በውጭ የሚታየውንና በጣት የሚያዘውን ብቻ ነው። ውሻ ራሱን ካዘነበለ፣ አንድ እግሩን ካለማቋረጥ ከላሰ፣ ወይም በጣቶቹ መካከል እብጠት ከታየ፣ ይህ የሐኪም ሥራ ነው። እርግጥ መላስ የዘር ምልክት ብቻ አይደለም። የአበባ ዱቄት የማይስማማቸው ውሾችም አሉ፤ እነርሱ እንደ እኅቴ ብዙ አያስነጥሱም፤ ቆዳቸውን ይበላቸዋል፤ እግራቸውን፣ ሆዳቸውንና ጆሮአቸውን ሲያኩና ሲልሱ ይታያሉ።

እስካሁን ጸደይ የሚለውን ቃል ሳልጠቀም የመጣሁት ሆነ ብዬ ነው። ይህን ጽሑፍ ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ «በመስከረም ጸደይ» የሚለውን ሰምተው አቋረጡኝ። «ልጄ፣ በአባቶች አቈጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው» አሉ። ለጎፈሬ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፤ መፀው የሣር ነው፣ ጸደይ የዛፍ። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር በደጃፋችን ያለው ጃካራንዳ ሐምራዊ አበባውን ያወርዳል፤ ከዚያ አስቀድሞ የረገፉት ደቃቅ ቅጠሎቹ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ስለ ሆኑ በጠጉሩ ውስጥ ገብተው በጣት አይለቀሙም። እነዚህን ሳይደርቁ ለማውጣት መሞከር ድካም ነው፤ ውሻው በረንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢተኛ ደርቀው በሚዶው ይራገፋሉ። የወደቀው አበባ ውስጥ ንብ ሊኖር ስለሚችል ጠዋት ጠዋት ደጃፉን መጥረግ የእኔ ተግባር ሆኗል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም የራሱ አመል አለው። ስሙ በግሪክኛ «በደኅና የተከደነ» ማለት ሲሆን፣ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት የሚጥለው ክዳን፣ ከዚያም ነጫጭ ክሮቹና የሚላጠው ቅርፊቱ ሁሉ በጎፈሬ ጭራ ላይ ይጠመጠማሉ። ይህ ግን ዐይነ ግቡ ስለ ሆነ ቀላል ነው።

አስቸጋሪው የፈረንጅ ጽዱ ሙጫ ነው። ጎፈሬ ጀርባውን በአጥሩ ላይ ማከክ ይወዳል፤ ሙጫውም ጠጉሩን ከቅጠልና ከአፈር ጋር ያጣብቀዋል። ጎረቤታችን «በላምባ እሸው» ብለውኝ ነበር። ይህን ማንም አያድርገው፤ ላምባ ቆዳን ያቃጥላል፤ ውሻም የተቀባውን ሁሉ ይልሳል። የምግብ ዘይት ጥቂት አፍስሶ በጣት ማሸት፣ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ሙጫው ሲለሰልስ ማበጠርና ያችን ቦታ ብቻ በሳሙና ማጠብ ይበቃል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሣሩን ራሱን። በሁለተኛው ዓመት ከአጥራችን ውጭ ያለውን ሣር ላም ላላቸው አንድ ሰው በነሐሴ ማለቂያ፣ ገና ሳያብብ፣ በማጭድ እንዲያጭዱት ነገርናቸው፤ እርሳቸውም በደስታ ወሰዱት። ይህ ከሚዶው ያላነሰ ጠቅሟል።

ያ የአንድ ወር ቀጠሮ የተፈጸመው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ነበር። እኅቴ ማስነጠሷ ፈጽሞ አልቀረላትም፤ ዛሬም መስከረም ሲመጣ መድኃኒቷን ትወስዳለች። ሌሊት ግን ትተኛ ነበር። በዚያ ቅዳሜ ጎፈሬን አበጥሬ ስጨርስ አባቴ ከበረንዳው ወንበር ላይ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ስለ ቃሊቲ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጋዜጣቸውን አጥፈው ውሻውን ጥቂት ተመለከቱና «ከግራ ጆሮው ኋላ ትተሃል» አሉኝ።

እናቴም ሚዶአቸውን ወስደው በፈላ ውኃ ካጠቡ በኋላ ዳግመኛ ላለመንካት ወሰኑ። አሁን የእርሳቸው አዲስ ነው፤ አሮጌው በበረንዳው ምሰሶ ላይ በሚስማር ተሰቅሏል፤ ጎፈሬም ማታ ማታ ከሥሩ ቆሞ ይጠብቀኛል።